የተለቀቀው ዓሣ ተረፈ ወይ? የሮክፊሽ ጉዳይ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ

መነሻ

ለመዝናኛ ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ የቆየ እምነት አለ። ዓሣው ከመንጠቆ ተላቅቆ ወደ ውኃው ከተመለሰ ተርፏል ይባላል። አጥማጁ ሕጉን አክብሯል፤ ኅሊናውም ይረጋጋል። ዓሣው ግን ከጀልባዋ ትንሽ እንደራቀ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ሲንሳፈፍ ይታያል። ወዲያው የባሕር ወፎች ይከቡታል።

እዚህ የማቀርበው ጉዳይ የተነሳው ከዚህ ነው። ቦታው የአሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬጎን፣ ዋሽንግተን፣ ወደ ሰሜን ደግሞ አላስካ። መመዝገብ የፈለግኩት ተመራማሪ፣ አጥማጅና ደንብ አውጪ አንድን ችግር ከተለያየ ጫፍ ይዘው ሲገናኙ ማየት ብርቅ ስለሆነ ነው። የማንንም ስም አላነሳም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዓሣው

ሮክፊሽ ሴባስተስ በሚባል ወገን ውስጥ ያሉ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በዓለም ላይ ከ100 በላይ ዝርያዎች አሉ። ከ60 የሚበልጡት በዚሁ ዳርቻ ይኖራሉ። አብዛኞቹ ድንጋያማ የባሕር ወለል ይወዳሉ። አንዴ የተመቻቸው ቋጥኝ ካገኙ ብዙዎቹ ርቀው አይሄዱም። በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳቸው ዓይነ ቢጫ ሮክፊሽ፣ ካናሪ ሮክፊሽ፣ ቦካቺዮና ካውኮድ ናቸው።

ስለ እነዚህ ዓሦች ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ዕድሜያቸው ነው። ዓይነ ቢጫ ሮክፊሽ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወደ 20 ዓመት ተጠግታ። ዕድሜው የሚታወቀው በጆሮ ውስጥ ካለች ትንሽ ድንጋይ መሰል አጥንት ነው። አጥንቷ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ትጨምራለች። ቀለበቶቹ በትክክል የዓመት ቀለበቶች መሆናቸው የተረጋገጠበት መንገድ የሚገርም ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ የተፈነዱት የኒውክሌር ቦምቦች በባሕሩ ውስጥ ያለውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ጨምረውት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተወለዱ ዓሦች ይህን ምልክት በአጥንታቸው ይዘው ቀሩ። ሳይንቲስቶች የቀለበቱን ቁጥር ከምልክቱ ጋር ሲያስተያዩ ሁለቱ ተስማሙ።

ሴቷ እንቁላሏን ውኃ ውስጥ አትጥልም። በሆዷ ታስፈለፍልና ሕይወት ያላቸውን እጮች ትለቃለች። ትልቅ ዓይነ ቢጫ በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እጮች ልትለቅ ትችላለች። ከእነዚህ እጅግ ብዙዎቹ ያልቃሉ። ባሕሩ የሚመቻቸው ዓመት በየጊዜው አይመጣም። ስለዚህ ዝርያው የሚቆየው አሮጊቶቹ ደግ ዓመት እስኪመጣ ድረስ በሕይወት ስለሚጠብቁ ነው። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በጥቁር ሮክፊሽ ላይ ሌላ ነገር አሳየ። በዕድሜ የገፉ እናቶች እጮች ከወጣቶቹ እጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ፈጥነው አደጉ። ረሃብንም ከሁለት እጥፍ በላይ ረዝመው ተቋቋሙ።

የመዝናኛ አጥማጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚመኘው ትልቁን ዓሣ ነው። ፎቶ የሚነሳው ከእሱ ጋር ነው። ባሕሩ በጣም የሚፈልጋትና ሰውዬው በጣም የሚፈልጋት አንዲት ዓሣ ሆነች ማለት ነው። በዚህ ሰውዬውን አልወቅሰውም። ነገሩን ካልተረዳን ግን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ትርጉም አይሰጥም።

ችግሩ እንዴት ተከማቸ

ለረጅም ጊዜ የዓሣ አስተዳዳሪዎች እነዚህን ዝርያዎች ቶሎ እንደሚተኩ ዓሦች ቆጥረዋቸው ነበር። በየዓመቱ እንዲጠመድ የሚፈቀደው መጠን ለእንዲህ ዓይነት ቀርፋፋ ፍጥረት ከፍተኛ ነበር። የንግድ ጎታች መረቦች ብዙውን አወጡ። የመዝናኛ አጥማጆችም በተለይ በዓይነ ቢጫ፣ በካናሪና በቦካቺዮ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በ1996 የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ሕግ ሲሻሻል ከልክ በላይ የተጠመደ ዝርያ እንዲያገግም ዕቅድ ማውጣት ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ መጥፎው ዜና ተከታትሎ መጣ። በ1999 ቦካቺዮ ተጎድቷል ተባለ። በ2000 ካናሪና ካውኮድ ተከተሉ። በ2002 ዓይነ ቢጫ ተጨመረ። በእነዚያ ዓመታት በጠቅላላው ሰባት የሮክፊሽ ዝርያዎች ከልክ በላይ ተጠምደዋል ተብለው ተመዘገቡ። በጥር 2000 የዳርቻው የባሕር ወለል ዓሣ ሥራ በይፋ የኢኮኖሚ አደጋ እንደደረሰበት ታወጀ።

ቀላሉ መልስ «ልቀቋቸው» የሚል ነበር። የተጎዱትን ዝርያዎች ይዞ መሄድ ተከለከለ። ነገር ግን ሮክፊሽ ተቀላቅሎ የሚኖር ዓሣ ነው። ሰውዬው ጤናማ የሆነውን ዝርያ ፈልጎ መንጠቆ ይጥላል፤ ዓይነ ቢጫ ይዞ ይወጣል። መንጠቆ ዝርያ አይለይም። ስለዚህ ይለቅቀዋል፤ ዓሣውም ይንሳፈፋል። ክልከላው ዓሣውን ከአጥማጁ ማቀዝቀዣ አዳነው እንጂ ከሞት አላዳነውም።

ሌላም መዘዝ አለ። ለተጎዳ ዝርያ የሚፈቀደው የሞት መጠን በጣም ትንሽ ነው። ያ መጠን በተለቀቁ ዓሦች ሞት ከተሞላ ጤናማ የሆኑት ዝርያዎችም አይጠመዱም። ባሕሩ ይዘጋል። በየወደቡ በቻርተር ጀልባ፣ ማለትም አጥማጆችን በክፍያ ወደ ባሕር በሚወስድ ጀልባ የሚተዳደሩ ሰዎች ሥራ ያቆማሉ። የዚህ ጉዳይ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ከጥልቁ ሲወጣ ምን ይደርስበታል

ሮክፊሽ በሆዱ ውስጥ ጋዝ የያዘ ከረጢት አለው። ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ ውኃው ውስጥ የሚቆየው በእሱ ነው። እንደ ትራውት፣ ካርፕና አምባዛ ያሉ ዓሦች ይህን ከረጢት ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ቱቦ አላቸው። ጋዙ ሲበዛባቸው በአፍ ሊያስወጡት ይችላሉ። ሮክፊሽ ይህ ቱቦ የለውም። ጋዙ የሚገባውም የሚወጣውም በደም በኩል ነው፤ ያም ሰዓታት ይፈጃል።

በባሕሩ ገጽ ላይ ያለው ግፊት 1 አትሞስፌር ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ ይጨምራል። 50 ሜትር ላይ 6 ይደርሳል። ከዚያ በመንጠቆ ተስቦ የወጣ ዓሣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ስድስት እጥፍ ለመሆን ይገፋል። ከረጢቱ ያን አይችልም። ብዙ ጊዜ ይቀደድና ጋዙ በሰውነቱ ውስጥ ይሰራጫል። ሆዱ ይወጠራል። ጨጓራው ተገልብጦ በአፉ ይወጣል። ዓይኖቹ ከጉድጓዳቸው ይፈጥጣሉ፤ ውስጣቸው አረፋ ይታያል።

ይህን ያየ ሰው ዓሣው አልቆለታል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ባለሙያዎቹም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበር የሚያስቡት። በአስተዳደሩ ሒሳብ ከ30 ፋዘም በታች፣ ማለትም ከ55 ሜትር ገደማ በታች ተይዞ ገጽ ላይ የተለቀቀ ዓይነ ቢጫ ሁሉ እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር።

አጥማጆች የራሳቸውን መፍትሔ ሞክረው ነበር። አንዳንዶቹ በአፍ የወጣውን ነገር በመርፌ ወይም በቢላ ይወጉታል። የጋዝ ከረጢቱ መስሏቸው ነው። የሚወጉት ግን ጨጓራውን ነው። አጥማጁ ልረዳው ብሎ በዓሣው ላይ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል። በጎ ፈቃድ ከእውቀት ሲቀድም የሚያመጣውን ጉዳት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እርምጃዎቹ

መጀመሪያ የመጣው ጥልቀትን መዝጋት ነው። በ2001 በደቡብ ካሊፎርኒያ ለካውኮድ ሰፊ ክልል ተዘጋ። ከ2002 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በዳርቻው በሙሉ ተመሳሳይ የጥልቀት ክልሎች ለሮክፊሽ ተከለሉ። ለመዝናኛ አጥማጁ ነገሩ «ከዚህ ጥልቀት አትለፍ» የሚል ሆነ፤ እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው 20፣ 30 ወይም 40 ፋዘም። እርምጃው ሻካራ ነው። ግን ዓሣው ጨርሶ መንጠቆ እንዳይነካ ስለሚያደርግ ከሁሉ ጠንካራው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄውን መጠየቅ ነው፤ ዓሣው ወደ ጥልቀቱ ቢመለስ ይተርፋል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን የዓመታት ሥራ አስፈለገ። በደቡብ ካሊፎርኒያ የተሠራና በ2008 የወጣ ጥናት ዓሦቹን በኬጅ (ውኃ በሚያሳልፍ ቀፎ) አድርጎ ወደ ወለሉ መለሳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ 68 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ነበሩ። ወሳኙ ነገር ገጽ ላይ የቆዩበት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ዓሣው ከወጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ የመትረፍ ዕድሉ ወደ 83 በመቶ ከፍ ይላል። በገጹና በወለሉ ውኃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ለውጥ ያመጣል። ውጭ የሚታየው ጉዳት ግን ዓሣው መትረፍ አለመትረፉን በደንብ አይናገርም። ዓይኑ የፈጠጠው ሊተርፍ፣ ደህና የሚመስለው ሊሞት ይችላል።

የኦሬጎን ተመራማሪዎች ሥራውን ወደ ሰሜን ወሰዱት። ዓሦቹን በካሜራ ተከታተሉ። ከዚያም ለአንድ ዓሣ አንድ ኬጅ ሠርተው ለ48 ሰዓት አቆዩዋቸው። ከ55 ሜትር ባነሰ ጥልቀት የተያዙት ዓይነ ቢጫዎች ሁሉም ተረፉ። የሞቱ የመሰሉ ዓሦች ወደ ታች ሲወርዱ ሰውነታቸው ቅርጹን ይይዛል። ግፊቱ ጋዙን መልሶ ያሳንሰዋል። ጨጓራውና ዓይኑ ወደ ቦታቸው ይገባሉ።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። ማውረጃ መሣሪያ የሚባለው ውስብስብ ነገር አይደለም። አንደኛው ዓይነት ተገልብጦ ክብደት የታሰረበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ዓሣው ከሥሩ ይገባና በገመድ ይወርዳል። ሁለተኛው ክብደት ያለው፣ ጫፉ ላይ ማያዣ (ወደ ኋላ የዞረች እሾህ) የሌለው መንጠቆ ነው፤ ገመዱ ሲጎተት ዓሣው ይላቀቃል። ሦስተኛው ከንፈሩን የሚይዝ ቆንጣጭ ነው፤ የተመረጠው ጥልቀት ላይ ሲደርስ በግፊቱ ራሱ ይከፈታል። ሳጥኑን ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ክብደቱ ግን የዓሣውን ተንሳፋፊነት ማሸነፍ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። ቀላል ክብደት አስሮ «አልሠራልኝም» ያለ አጥማጅ ብዙ ነው።

አራተኛው እርምጃ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። የፓስፊክ ዓሣ ሀብት አስተዳደር ምክር ቤት በ2012 እና በ2013 ገደማ ጥናቶቹን ወስዶ የሞት ሒሳቡን ቀየረ። በማውረጃ መሣሪያ የተለቀቁ ዓይነ ቢጫ፣ ካናሪና ካውኮድ ገጽ ላይ ከተለቀቁት ባነሰ የሞት መጠን እንዲቆጠሩ ተደረገ። መጠኑ በዝርያና በጥልቀት ተለያየ። ከዚህ በፊት አጥማጁ ተጠንቅቆ ቢለቅም፣ ወርውሮ ቢለቅም መዝገቡ ላይ ዓሣው ሞቷል። ጥንቃቄው ዋጋ አልነበረውም። አሁን ግን እያንዳንዱ በትክክል የተመለሰ ዓሣ የሁሉንም የማጥመጃ ወቅት ትንሽ ያረዝማል። ወደብ ላይ የሚጠብቁት የመረጃ ሰብሳቢዎችም «ስንት ለቀቅህ? በስንት ጥልቀት? በመሣሪያ ነው ወይስ ያለ መሣሪያ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

አምስተኛው ትምህርቱና ደንቡ ነው። ቅደም ተከተላቸውን ልብ በሉ። ኦሬጎን ውስጥ መጀመሪያ ዘመቻ ተካሄደ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ተንሳፋፊ ዓሣ አይኑር፣ ወደ ጥልቀቱ መልሰህ ልቀቅ። ተለጣፊ ምልክት ታተመ። መሣሪያዎች በነፃ ተከፋፈሉ። ብዙ አጥማጆች ከለመዱት በኋላ በ2017 ግዴታ ሆነ። ከ30 ፋዘም በሚጠልቅ ቦታ ሮክፊሽ የሚለቅ ሁሉ መሣሪያውን መጠቀም አለበት። ዋሽንግተንም በዚያው ዓመት በጀልባ ላይ ተዘጋጅቶ እንዲገኝ አዘዘች። አላስካ በ2020 በባሕር ዳርቻዋ ሁሉ ደንቡን አጸናች፤ የማይወሰድ ሮክፊሽ ወደተያዘበት ጥልቀት ወይም ቢያንስ ወደ 30 ሜትር ተመልሶ ይለቀቅ ብላ።

በመጨረሻም ዓሣውን ጨርሶ ያለመንካት ዘዴ ታከለ። ኦሬጎን በ2018 ረጅም ማገናኛ ያለው ማጥመጃ ፈቀደች። ከታችኛው ክብደት እስከ መጀመሪያው መንጠቆ ቢያንስ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ መኖር አለበት። መንጠቆዎቹ ከወለሉ ከፍ ብለው ይቆያሉ። እዚያ ከፍታ ላይ የሚዋኙት ጤናማዎቹ ዝርያዎች ናቸው። ዓይነ ቢጫ ከሥር ቋጥኙ ላይ ስለሚተኛ ይተርፋል። ስለ ዓሣው ጠባይ ያለ እውቀት በቀጥታ ወደ ማጥመጃ ዕቃ ሲለወጥ እንዲህ ነው።

አጥማጆቹ በሳይንሱ ውስጥ

በዋሽንግተን ፒውጀት ሳውንድ የሚባል ወደ የብስ የገባ የባሕር ክፍል አለ። በ2010 እዚያ ያሉት ዓይነ ቢጫ፣ ካናሪና ቦካቺዮ በአደጋ ላይ ባሉ ዝርያዎች ሕግ ጥበቃ ሥር ገቡ። ጥያቄ ግን ቀረ። እነዚህ ዓሦች በእርግጥ ከውጭው ባሕር ዘመዶቻቸው የተለዩ ናቸው?

ለመልሱ የዘር ናሙና ያስፈልጋል። ብርቅ ዓሣ የት እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ያጠመደ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ከመዝናኛ አጥማጆችና ከቻርተር ካፒቴኖች ጋር አብረው ወጡ። ዓሣ ያዙ፣ ከክንፉ ትንሽ ቆረጡ፣ በማውረጃ መሣሪያ መለሱት። ውጤቱ ለሁለቱም ወገን ያልታሰበ ነበር። ካናሪ ከውጭው ባሕር ዓሣ የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ዓይነ ቢጫ ግን በእርግጥ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ጥበቃው ቀጠለ። አጥማጆቹ በገዛ እጃቸው በሰበሰቡት መረጃ የተወሰነ ስለሆነ የማይመቸውን ግማሽ ለመቀበልም የቀለላቸው ይመስለኛል።

የሠራው

ከሰባቱ የተጎዱ ዝርያዎች ስድስቱ አገግመዋል ተብለዋል። ካናሪ በ2015፣ ቦካቺዮ በ2017፣ ካውኮድ በ2019። ካውኮድ ያገገመው ከተገመተው ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው። ኦሬጎን ውስጥ ከ2015 ጀምሮ አጥማጁ ካናሪ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ፈቃድ በቀን አንድ ብቻ ነበር። ሰባተኛው፣ ዓይነ ቢጫ፣ ካውኮድ ባገገመበት ጊዜ ገና አላገገመም ነበር። ቢሆንም ቀድሞ ወደ 2070ዎቹ ተገፍቶ የነበረው የማገገሚያ ቀን በ2017 ግምገማ ወደ 2020ዎቹ መጨረሻ ተስቧል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማውረጃ መሣሪያው አመጣው ማለት ስህተት ነው። ትልቁን ሥራ የሠራው የመጠመዱ መጠን መቀነሱና ክልሎቹ መዘጋታቸው ነው። ባሕሩም ረድቷል፤ ብዙ ልጆች የተረፉባቸው ጥቂት ጥሩ ዓመታት መጥተዋል። የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ግምገማም በተሻለ መረጃ ተስተካክሏል። መሣሪያው የሠራው ሌላ ነገር ነው። ዝርያው እያገገመ ባለበት ጊዜ ሰዎች ጤናማዎቹን ዓሦች ማጥመዳቸውን እንዲቀጥሉ ቦታ ሰጠ። በዚህም የሕዝቡን ትዕግሥት አቆየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሣሪያው ዓሣውን ለሁለት ቀን ብቻ እንዳላቆየውም ማስረጃ አለ። አንድ ጥናት ዓይናቸው የፈጠጠባቸው ሮክፊሾች ወደ ግፊቱ ከተመለሱ በኋላ እይታቸው በቀናት ውስጥ መሻሻል እንደሚጀምር አሳየ። በወር ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይሻሻላል። አላስካ ውስጥ በመሣሪያ የተለቀቁ ሴት ዓይነ ቢጫዎች ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሲያዙ እጮች ይዘው ተገኝተዋል። ይህን ውጤት ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ዓሣው መዋኘቱ ብቻ አይበቃም፤ መውለድ አለበት።

ያልሠራውና ያልተፈታው

ጥልቀት ሲጨምር ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ለሁሉም ዝርያ ግን እኩል አይቀንስም። ከ135 ሜትር በታች የተያዙ ዓይነ ቢጫዎች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ሁለቱን ቀን ተርፈዋል። በተመሳሳይ ጥልቀት ከካናሪዎቹ የተረፉት ሩብ ያህል ብቻ ናቸው። ድምፅ በሚልክ መለያ ረዘም ላለ ጊዜ ክትትል ሲደረግ ደግሞ የካውኮድ ውጤት ግማሽ አካባቢ ሆነ፤ ቦካቺዮ በጣም የተሻለ ነበር። ታች ያለው ውኃ ኦክስጅን ሲያንሰው መትረፍ ይከብዳል። መሣሪያው ጉዳትን ይቀንሳል እንጂ ጥልቅ ቦታ ማጥመድን ንጹሕ አያደርገውም።

ሌላው የመረጃው ድካም ነው። መሣሪያ ተጠቅመሃል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ባይጠቀምም አዎ ሊል ይችላል፤ በተለይ ግዴታ ከሆነ በኋላ። ጀልባ ላይ መሣሪያ መኖሩና ለሥራ ታስሮ መዘጋጀቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕቃ ሳጥን ሥር የተቀበረ መሣሪያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አይደርስም። አምስት ሰው በአንዴ ዓሣ ሲያወጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ከባድ ነው። በቻርተር ጀልባ ላይ ይህን ብቻ የሚሠራ አንድ ሰው ቢመደብ ትልቅ ለውጥ አለው።

የተዘጉት ክልሎች በትናንሽ ወደቦች ላይ ያደረሱትን ጫናም ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ሰው ሥራ ቀይሯል። ዓሣው ሲመለስ ሁሉም አልተመለሰም። ጥናቶቹና አዲሱ ሒሳብ አሥር ዓመት ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይህ ጫና በመጠኑ ይቀል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ይህ ዘዴ ከዳርቻው ወጥቶ ተጉዟል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለሬድ ስናፐርና ለሌሎች የሪፍ (የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) ዓሦች ማውረጃ ወይም ጋዝ ማስወጫ መሣሪያ በጀልባ ላይ ተዘጋጅቶ እንዲገኝ የሚያዝ ሕግ በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። ጉዳዩን ወደ ራሱ ውኃ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ግን ከመሣሪያው ባይጀምር ይሻላል።

መጀመሪያ ዓሣውን መለየት ያስፈልጋል። ጋዙን በአፍ ማስወጣት ለሚችል ዓሣ ማውረጃ መሣሪያ ብዙም ትርጉም የለውም። ለእሱ የሚጠቅመው እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ከውኃ ውጭ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠርና ማያዣ የሌለው መንጠቆ ነው። ቱቦ ለሌለው ግን ጥልቀቱ ሁሉን ይወስናል። ይህ ደግሞ የባሕር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥልቅ ሐይቅ የሚኖሩ የፐርች ወገኖችም ከ10 ሜትር ገደማ በታች ሲያዙ ተመሳሳይ ጉዳት ሊደርስባቸው ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው የሞት ሒሳቡ ነው። የትኛውም የዓሣ አስተዳደር የተያዙትን ብቻ ቆጥሮ የተለቀቁትን ከረሳ፣ ወይም የተለቀቁትን ሁሉ ሞተዋል ወይም ተርፈዋል ብሎ በአንድ ቁጥር ካሰፈረ አጥማጁ እንዲጠነቀቅ የሚያደርገው ምክንያት የለም። ተጠንቅቆ የለቀቀ ሰው ጥንቃቄው በሒሳቡ ውስጥ መታየት አለበት። እንዲታይ ደግሞ በዝርያና በጥልቀት የተለካ ቁጥር ያስፈልጋል። ከሌላ ዝርያ የተዋሰ ቁጥር አይሆንም፤ ካናሪና ዓይነ ቢጫ ጎን ለጎን እየኖሩ ምን ያህል እንደተለያዩ አይተናል።

ከደንብ በፊት ልምድ ይቅደም የሚለውም ከዚህ ጉዳይ ይወሰዳል። መሣሪያው በነፃ ደርሶት፣ ጓደኛው ሲጠቀም አይቶ፣ ዓሣው ወደ ታች ሲዋኝ በቪዲዮ የተመለከተ ሰው ደንቡ ሲመጣ ቀድሞ የሚያደርገውን ነው የታዘዘው። በቪዲዮ ያለው ኃይል በተለይ ትልቅ ነው። «68 በመቶ» የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው አያሳምንም። ሞቷል ብሎ ያሰበው ዓሣ ሳጥኑን ጥሎ ሲሄድ ማየት ግን ያሳምናል።

የመጨረሻው ለአጥማጁ ነው። መሣሪያው የመጀመሪያው መንጠቆ ውኃ ከመንካቱ በፊት ታስሮ፣ ክብደቱ ተፈትሾ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በአፉ የወጣውን ነገር አትንካ፤ አትውጋ። ፎቶ የግድ ካስፈለገ አንድ ብቻ አንሳና ወዲያው መልሰው። አንድ ቦታ ላይ የተከለከለው ዝርያ ተደጋግሞ ከወጣ ደግሞ መሣሪያው አለኝ ብለህ እዚያው አትቆይ። ገመዱን ሰብስብና ቦታ ቀይር።